ፈተናው ሳይመጣ መቁረጥ፦ እምነትን በሥራ፣ በገንዘብ፣ በሕመምና በሐዘን ቀን የመኖር አሠራር

ጉቦ የተጠየቀ ሰው መልሱን ማሰብ የሚጀምረው መስኮቱ ፊት ቆሞ ከሆነ ዘግይቷል። ከኋላው ሰልፍ አለ፣ ፋይሉ በሌላ ሰው እጅ ነው፣ ልጁን ከትምህርት ቤት የሚያወጣበት ሰዓት ደርሷል። በዚያች ደቂቃ ሁሉም ሰው ደካማ ነው። ክርስቲያናዊ ውሳኔ የሚወሰነው ቀደም ብሎ፣ እቤት፣ ጥድፊያ በሌለበት ሰዓት ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ለሚኖር፣ ቅዳሴና ሥራ፣ ጾምና ኑሮ ለሚጋጩበት ምእመን የተዘጋጀ ነው። በሌላ ቤተ እምነት ያላችሁም ስለ ገንዘብ፣ ስለ ቂምና ስለ ሐዘን ያለውን መውሰድ ትችላላችሁ።

1. ከንስሐ አባት ጋር ሁለት ልክ አውጡ

ብዙዎቻችን የጸሎት ሕይወት የምንጀምረው ከላይ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰባቱንም የጸሎት ጊዜያት ከነግህ እስከ መንፈቀ ሌሊት ለማድረስ፣ ዳዊቱንም እንደ ዕለቱ ለመድገም እንነሣለን፤ ደብረ ዘይት ሳይደርስ ግን እናቋርጣለን። የሰኞ ዳዊት ብቻ 30 መዝሙር ነው። ማለዳ ወጥቶ ማታ ለሚገባ ሰራተኛ ይህ የመነኩሴ ልክ ነው።

ስለዚህ ሁለት ልክ ይኑራችሁ፦ የደህና ቀንና የክፉ ቀን። የደህናው ቀን ለምሳሌ ጠዋትና ማታ ማማተብ፣ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ መዝሙር 50ና የዕለቱ ውዳሴ ማርያም ሊሆን ይችላል። የክፉ ቀኑ ደግሞ ታማችሁ፣ ተጣልታችሁ ወይም ሌሊት ሥራ አድራችሁ እንኳ የማትተዉት መሆን አለበት፤ አንድ አቡነ ዘበሰማያትና ጥቂት እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ። ዋናው ይኸኛው ነው። ክፉ ቀን የሚያገኛችሁ ይህን ይዛችሁ ነውና ትንሽ ናት ብላችሁ አትናቁት።

ታክሲ ሰልፍ ላይ መቁጠሪያ ማውጣት ለሚያፍር ሰው እጁ ይበቃዋል። አውራ ጣታችሁን በቀሩት አራት ጣቶች አንጓ ላይ አሳልፉ፤ በእያንዳንዱ ጣት ሦስት፣ በድምሩ 12 ይሆናል። ሦስት ጊዜ ዙሩና አምስት ጨምሩ፤ 41 እግዚኦታ ሞላ። ከአጠገባችሁ የቆመው ሰው አያውቅም።

ንስሐ አባት የሌላችሁ ከቅዳሴ በኋላ የአጥቢያችሁን ካህን ጠይቁ፣ ወይም ሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ግቡ። ከተማ ቀይራችሁ ከሆነ የቀድሞውን አባት አስፈቅዱ። ስትነጋገሩ ሥራችሁን በዝርዝር ንገሯቸው፦ ስንት ሰዓት እንደምትወጡ፣ ቤት ውስጥ ማን እንዳለ፣ መድኃኒት ትወስዱ እንደሆነ። ይህን ያላወቀ አባት የሚሰጠው ልክ ለሌላ ሰው የተሰፋ ልብስ ነው። ቤተ ክርስቲያን በሌለበት አገር፣ ለምሳሌ ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ በሰው ቤት የምትሠሩ እኅቶች፣ የክፉ ቀኑ ልክ የእናንተ የዘወትር ልክ ሊሆን ይችላል። በማቴዎስ 6 በርህን ዘግተህ ጸልይ ተብሏል፤ በር የሌላት ደግሞ ሳህን እያጠበች ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ ትጸልያለች።

2. የምትፈተኑበትን ቦታ በስሙ ጻፉ

ኃጢአትን በጅምላ መጥላት ቀላል ነው። የሚጠቅመው ወረቀት ወስዶ በዚህ ወር በየትኛው ቦታ፣ በማን ፊት፣ በምን ነገር እንደምትዋሹ ወይም እንደምትወስዱ መጻፍ ነው። ቀረጥ ሰብሳቢዎች መጥምቁ ዮሐንስን ምን እናድርግ ሲሉት ሥራችሁን ልቀቁ አላላቸውም፤ ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ ነው ያላቸው። ወታደሮቹንም ሰውን አትግፉ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው (ሉቃ. 3)። ለእያንዳንዱ በሥራው ልክ ነው የመለሰለት። እናንተም በሥራችሁ ልክ ጻፉ።

*ነጋዴ ከሆናችሁ፦* ጠዋት ሱቅ ስትከፍቱ ሚዛኑን ባዶውን እዩት፤ መርፌው ዜሮ ላይ ነው? ሳህኑን አንሡና ከሥሩ የተለጠፈ ነገር እንዳለ ተመልከቱ፤ ልጁ ወይም የቀድሞው ተከራይ የተወው ሊሆን ይችላል። በርበሬ ውስጥ ሸክላ፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ ማር ውስጥ ስኳር የሚቀላቅል ሰው ይህን ጽሑፍ አያነብም ብዬ አልገምትም፤ ምናልባት ጾመኛም ነው። ግን ብዙዎቻችሁ የምትፈተኑት በመቀላቀል ሳይሆን የተቀላቀለ መሆኑን እየጠረጠራችሁ በመሸጥ ነው። ከጆንያው እፍኝ ዘግናችሁ ለእናታችሁ ቤት የማትልኩትን ለደንበኛ አትስጡ። የጠረጠራችሁትን ላመጣው ሰው መልሱና ምክንያቱን ንገሩት፤ ዝም ብላችሁ ብትመልሱ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይወስደዋል።

*ጉዳይ ለማስፈጸም የምትሄዱ ከሆነ፦* ጉቦ የሚከፍለው አብዛኛው ሰው ክፉ ስለሆነ ሳይሆን ቀን ስላለቀበት ነው። ፈቃድ ማደሻው ነገ የሚዘጋበት ሰው "ለሻይ" ሲባል እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው መከላከያ የቀን መቁጠሪያ ነው፤ ጊዜው ሊያልቅ ወር ሁለት ወር ሲቀረው ጀምሩ። ሁለተኛው፣ መሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የዜጎች ቻርተር ተለጥፎ ከሆነ የአገልግሎቱን ጊዜና ክፍያ አንብቡ፣ ፎቶ አንሡት። ሦስተኛው፣ የምትሉትን ከቤት ተለማምዳችሁ ሂዱ፦ "የጎደለ ሰነድ ካለ ይጻፉልኝ፤ ክፍያ ካለም በደረሰኝ እከፍላለሁ። መቼ ልምጣ?" ሳትቆጡ፣ ሳትሰብኩ። ሰውየው ዝም ካለ የሥራ ሂደቱን ኃላፊ ጠይቁ። አንድ ነገር ግን ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ ይህ መንገድ ብዙ ጊዜ ይዘገያል፣ አንዳንዴም ጉዳዩ ይበላሻል። ዋጋ አለው። ዋጋውን አስቀድሞ ያሰበ ሰው መስኮቱ ላይ አይደነግጥም።

*ከመስኮቱ ወዲያ የተቀመጣችሁ ከሆነ፦* የእናንተ ፈተና አብዛኛውን ጊዜ በፖስታ አይመጣም፤ በበዓል ዋዜማ በግ ሆኖ ነው በር ላይ የሚታሰረው። ባለጉዳዩ ስጦታ ነው ይላል፣ ቤተሰብም ደስ ብሎት ያስገባዋል። ለቤተሰባችሁ ዛሬውኑ ንገሩ፦ እኔ ሳላውቅ ማንም ምንም አይቀበል። ገብቶ ከተገኘም በዚያው ዕለት፣ ሌላ ሰው ባለበት መልሱ። ኦሪት ዘፀአት 23 ጉቦ የሚያዩትን ሰዎች ዓይን ያሳውራል ያለው ስለ ክፉ ዳኛ ሳይሆን ደህና ስለሚያይ ዳኛ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ገና ካልሲ እያደረጉ "መንገድ ላይ ነኝ፣ ደርሻለሁ" ማለትን ከዝርዝሩ አታውጡት። ከተማችን ውስጥ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚዋሽ እግዚአብሔር ይወቀው። ለአንድ ሳምንት እውነተኛውን ቦታችሁን ብቻ ለመናገር ቁረጡ፤ ትልቁን ውሸት ለመተው ከዚህ የተሻለ ልምምድ አላውቅም።

*ቤታችሁ ሠራተኛ ካለች፦* ይህ ቤተ ክርስቲያን በሚያዘወትር ቤት ብዙ የሚበደልበት ቦታ ነውና ረጋ እንበል። ዘሌዋውያን 19 የሙያተኛ ዋጋ እስከ ነገ አንተ ዘንድ አይደር ይላል፤ ያዕቆብም በምዕራፍ 5 የተያዘው ደመወዝ ራሱ ይጮኻል ብሏል። የምትከፍሉበትን ቀን ቁረጡና አትለፉት። "አስቀምጥልሻለሁ" እያሉ በእጅ መያዝ ቀርቶ በስሟ የባንክ ደብተር ይከፈት፤ ደብተሩ እሷ ጋ ይሁን። እሑድ ቅዳሴ የምትሄድበትን ሰዓት ከእናንተ ሰዓት ጋር ተነጋገሩበት፤ እናንተ ነጠላ ለብሳችሁ ስትወጡ እሷ ለእናንተ ቁርስ ልትጠብስ የምትቀር ከሆነ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ኢሳይያስ 58 ላይ እግዚአብሔር ጾሙን ያልተቀበለበት አንዱ ምክንያት ጿሚዎቹ በጾማቸው ቀን ሠራተኞቻቸውን ማስጨነቃቸው ነው።

3. ጾሙን ከኪስ ጋር አገናኙት

እዚህ ላይ አጭር ልሁን። የስኳር ሕመምተኛ፣ ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ እናት፣ በሰዓት የሚወሰድ መድኃኒት ያለበት ሰው ሐኪሙንና ንስሐ አባቱን ሳይጠይቅ በራሱ ሰዓት አይቁረጥ። ሌሎቻችሁ ደግሞ ከሥጋና ከወተት የተረፈውን ገንዘብ በየሳምንቱ ለብቻው አኑሩና ጾሙ ሳይፈታ ለምታውቁት ችግረኛ ስጡ፤ ከፋሲካ በኋላ አታቆዩት። የጾም ፒዛና የጾም ኬክ በልቶ የበደለ የለም፤ ነገር ግን የሚተርፈው ሳንቲም ይጠፋል። አብሯችሁ የሚሠራ ሰው ያልጾመ እንደሆነ አትጠይቁት፣ አትመልከቱት።

4. የተጣላችሁትን ሰው በዚህ ቅደም ተከተል አግኙ

ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ ሲል ዓይናችሁ የሚሸሸው ሰው ካለ፣ እሱ ነው የመጀመሪያው። ማቴዎስ 5 መባህን ትተህ ሂድ ይላል፤ ማቴዎስ 18 ደግሞ አካሄዱን ያሳያል።

መጀመሪያ ብቻችሁን ሂዱ። በስልክ መልእክት አትጀምሩት፤ ጽሑፍ ድምፅ የለውም። የራሳችሁን ጥፋት ብቻ ተናግራችሁ ዝም በሉ። "እኔ እንዲህ አድርጌ አስቀይሜሃለሁ፣ ይቅር በለኝ" ብላችሁ "ግን አንተም" ካላችሁ ተመልሳችሁ ክርክር ውስጥ ገባችሁ። እንቢ ካለ ሁለት ሽማግሌ ይሂድ፦ አንዱ እሱ የሚያከብረው ይሁን፤ የእናንተን ወዳጆች ብቻ ከላካችሁ ክስ እንጂ እርቅ አይሆንም። ከዚያ በኋላ ለንስሐ አባት ንገሩ። ይህን ሁሉ ካደረጋችሁ የእሱ እንቢታ የእሱ ነው።

በእኛ አገር ብዙው ቂም የውርስ ቤት ነው። ይቅርታ ድርሻን መተው አይደለም። ወንድማማቾች ፍርድ ቤት ቆመው እየተከራከሩም አንዱ የሌላውን ልጅ ክርስትና ሊሄድ፣ ለቅሶውን ሊደርስ፣ በመንገድ እግዚአብሔር ይመስገን ሊባባል ይችላል። ከባድ ነው፤ ይቻላል።

የሚደበድብ ባል ጉዳይ ግን ከዚህ ቅደም ተከተል ውጭ ነው። ድብደባው ሳይቆም "ቻይው፣ ትዳር ነው" የሚል ሽማግሌ ሽምግልና እያደረገ አይደለም። መጀመሪያ ደህና ወደሆነ ቤት መውጣት፣ ለፖሊስ ማመልከት፣ ሕክምና ማግኘት፤ ስለ ይቅርታ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ይቅር ማለትና ተመልሶ እዚያው ቤት መግባትም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

5. ገቢ ሲቋረጥ

በመጀመሪያው ሳምንት ለቤተሰብ ንገሩ። በየጠዋቱ ቦርሳ ይዞ ወጥቶ ፓርክ የሚውል አባወራ ውርደቱን ያራዘመ እንጂ ያስቀረ የለም።

ከዚያ ያለባችሁን ክፍያ በሁለት ክፈሉት፦ የማይቋረጥና ሊነገርለት የሚችል። እድር የማይቋረጥ ነው፤ ውዝፍ ሲበዛ በደንቡ ያሰናብታል፣ ስትሰናበቱ ደግሞ ክፉ ቀን ላይ ናችሁ። እቁብ ሊነገርለት የሚችል ነው፦ ዕጣ ከወሰዳችሁ ዋሳችሁን ይዛችሁ ዳኛውንና ጸሐፊውን ቀን ሳያልፍ አነጋግሩ፤ ካልወሰዳችሁ ችግራችሁን ተናግራችሁ ተራ እንዲለቀቅላችሁ ለምኑ። ማፈር እዚህ ቦታ ላይ ኃጢአት ባይሆንም ኪሳራ ነው። አራጣ አበዳሪ ዘንድ አትሂዱ፤ በሕግም ወንጀል ነው፣ ነህምያም በምዕራፍ 5 ወንድሞቻቸውን በወለድ የያዙትን ጉባኤ ጠርቶ ነው ያስመለሳቸው።

አሥራት ከሚገኝ ነገር ላይ ነው፤ ምንም ካልተገኘ አሥራት የለም። የምታወጡት ካጣችሁ ግቢ መጥረግ፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ማስጠናት አለ። በቴሌቪዥን "ያለህን ዝራ፣ እጥፍ ይመለስልሃል" እያለ የሥራ አጥ ሰው የመጨረሻ ብር የሚጠይቅ ሰባኪ የሰራፕታዋን መበለት ሲጠቅስ ከሰማችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ዱቄቱ ያላለቀው በመበለቲቱ ቤት ነበር።

ስለትንም ተጠንቀቁ። የተጨነቀ ሰው አፉ ሰፊ ነው፤ ሥራ ላግኝ እንጂ ለቁልቢ ገብርኤል ይህን ያህል አስገባለሁ ይልና ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ሲደርስ ተበድሮ ይሄዳል። መጽሐፈ መክብብ ተስሎ ካለመክፈል አለመሳል ይሻላል ብሏል። መሳል ካለባችሁ ዛሬ በእጃችሁ ያለውን ተሳሉ፦ ጧፍ፣ ጉልበት፣ ከክፉ ልማድ አንዱን።

6. ሕመም ሲመጣ ጠበሉንም ክኒኑንም ያዙ

ይህን አንቀጽ ሰው እንዲያስተላልፈው እፈልጋለሁ። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል፤ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እርሱ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበልና መድኃኒትን አብረው መውሰድ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረዋል። ሆኖም እስከ ዛሬ ጠበል ቦታ ሲደርስ ክኒኑን የሚጥል ሰው አለ።

ለሱባዔ ስትሄዱ መድኃኒታችሁን ለምትቆዩበት ጊዜ ከነትርፉ ያዙ፤ የቀጠሮ ካርዱንም። የሳምባ ነቀርሳ፣ የኤች አይ ቪ፣ የሚጥል በሽታና የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በመሃል ከተቋረጠ ሕመሙ በርትቶ ይመለሳል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ደግሞ መድኃኒቱን ሊለምዱት ይችላሉ። ጠበል በባዶ ሆድ ስለሚጠጣ የክኒኑን ሰዓት ከሐኪም ጋር አስቀድማችሁ አስተካክሉ። ክኒኑን በጠበሉ ዋጡት፤ ምንም ክልከላ የለበትም። መድኃኒቱን ጣል የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ አትከራከሩ፤ የአጥቢያውን አስተዳዳሪ ጠይቁ፣ ወይም ሌላ ቦታ ሂዱ።

ጠያቂ የምትሆኑት ደግሞ አጭር ቆዩ። ለሕመምተኛ "እምነት ቢኖርህ ትድን ነበር" አትበሉ፤ የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው ሲቀመጡ ደህና ነበሩ፣ የተሳሳቱት አፋቸውን ከከፈቱ በኋላ ነው። ይልቅ መድኃኒት ቤት የሚላክ ሰው እንዳለ ጠይቁ።

7. ለሐዘን ቀን ዛሬ የሚዘጋጅ

የቤተሰቡን ሁሉ የክርስትና ስምና የንስሐ አባቱን ስም ከነስልኩ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ከእድር ደብተሩ ጋር አኑሩ። ለምን? ፍትሐት የሚደርሰው በክርስትና ስም ነው፤ ካህኑ "የክርስትና ስማቸው ማን ነበር?" ሲሉ ልጆች ተያይተው ዝም የሚሉበት ቀብር ስንት ነው። አክስት እስክትገኝ ይጠበቃል፤ አክስትም ሞታ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ስለ ተዝካር ተነጋገሩ፤ ማንም ሳይሞት። ሠልስት፣ 7፣ 12፣ 30፣ 40፣ 80፣ መንፈቅና ሙት ዓመት የጸሎት ቀኖች ናቸው። ለጸሎቱ የሚያስፈልገው ጧፍ፣ ዕጣን፣ ዘቢብና መገበሪያ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው የነዳያን ምሳ ነው፣ በአቅም። ድንኳን፣ በሬና ጠላ ለአገር ሁሉ የሚሆነው ግን የሰውን አፍ በመፍራት የሚደረግ ነው፣ ብዙ ጊዜም በብድር። አባት ወይም እናት በሕይወት እያሉ "እኔ ስሞት ቅዳሴ ይቀደስልኝ፣ ለጥቂት ነዳያን እንጀራ ይቆረስ፣ ልጆቼ አይበደሩ" ብለው ለታላቁ ልጅና ለአንድ ሽማግሌ ቢናገሩ፣ በ40ኛው ቀን ዘመድ ሲያጉረመርም ልጆቹ መልስ ይኖራቸዋል፦ ቃላቸው ነው። ከተናዘዙት ቃል የሚከራከር ዘመድ ብዙ የለም።

ለቅሶ ስትደርሱ "አታልቅሱ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው" አትበሉ። ጌታ አልዓዛርን ሊያስነሣው እየሄደ አልቅሷል። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" ብሎ መቀመጥ ይበቃል። እድሩ ድንኳኑን አንሥቶ፣ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ያለውን ሳምንት ለራሳችሁ ያዙት፤ ምን ልርዳ ብላችሁ አትጠይቁ፣ ወጥ ይዛችሁ ሂዱ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሱ፣ የጡረታውን ወረቀት የሚያዞር ሰው ከሌለ እናንተ አዙሩት።

8. ልኩ ሲሰበር

ይሰበራል። ጸሎት ያለፈበት ቀን በማግስቱ እጥፍ አታድርጉት፤ እዳ ሆኖ ይከመርና ሁሉንም ትተዋላችሁ። የዛሬውን ብቻ አድርሱ። የዋሻችሁትን ግን ለዋሻችሁት ሰው አስተካክሉ፣ የወሰዳችሁትን መልሱ፤ ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ጌታን እቤቱ ተቀብሎ ነው። በየአጽዋማቱ መግቢያ ንስሐ አባታችሁ ዘንድ ስትሄዱ በቁጥር 2 የጻፋችሁትን ወረቀት ያዙ፤ "ብዙ በድያለሁ አባ" ከማለት ይልቅ እሱን እያያችሁ ተናገሩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ይከባቸዋል፤ በሥራ ቀን ሠርክ ጸሎት ሳይጀመር ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ጊዜ ይኖራቸዋል።